መጀመሪያ ብሉ፣ ከዚያ ዝሩ

አምና ጥቅምት ላይ ከጓሯችን አራት ኪሎ ተኩል ደረቅ ቦሎቄ ሰበሰብኩ። አራት በአምስት ሜትር ከሆነች መሬት ማለት ነው። ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁ። «ገበሬው!» ተባልኩ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ችግሩ የመጣው ቦሎቄው ድስት ውስጥ ሲገባ ነው። እማዬ ሌሊቱን ዘፍዝፋ ስታበቃ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀቀለችው። ቆዳው አሁንም ጥርስ ላይ ይንከረከካል። ውስጡ ደረቅ ነው፣ አሸዋ አሸዋ ይላል። መረቁ ደግሞ ውኃ ነው። ሽንኩርትም፣ በርበሬም፣ ነጭ ሽንኩርትም አላዳኑትም። ታናሽ እህቴ ሁለት ማንኪያ ቀምሳ «ይሄ ለማን ነው የተሠራው?» አለች። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለቴ ተሞከረ፤ ከዚያ ተረሳ። የቀረው ሦስት ኪሎ ከግማሽ በላይ ማዳበሪያ ውስጥ ተቋጥሮ ከርሞ ሚያዝያ ላይ ነቀዝ ጨረሰው። ለነቀዙም ቢሆን ብዙ የጣመው አይመስለኝም።

በዚያው ክረምት አጥሩ ጥግ ላይ ስምንት የአደንጓሬ ሐረግ ነበር። የዘሩት እማማ ናቸው፤ አያቴ። ዘሩን ከዓመታት በፊት ከዳንግላ በጨርቅ ቋጥረው ያመጡት ነው። ትልልቅ ፍሬ፣ ወይን ጠጅ መልክ ላይ ጥቁር የተረጨበት፤ አበባው ደግሞ ደም የመሰለ ቀይ። እኔ ለጌጥ ነበር የቆጠርኩት። የተሰበሰበው በሙሉ አንድ ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው። ነገር ግን ገና ሳይደርስ አለቀ። በጾሙ ንፍሮ ሆነ፣ ወጥ ሆነ፣ ጎረቤት ቡና ሲጠጣ በሳህን ወጣ። እማማ አንድ እፍኝ ደብቀው ባያስቀሩ ኖሮ ዘሩም አይተርፍም ነበር። «ካልደበቅሁትማ እናንተ ዘሩንም ትበሉታላችሁ» አሉን። እውነታቸውን ነው።

እስኪ ሒሳቡን እንሥራው። አራት ኪሎ ተኩል ካመረትኩት የበላነው አንድ ኪሎ አይሞላም። አንድ ኪሎ ተኩል ካመረቱት እማማ ግን የበላነው ሁሉንም ነው። ታዲያ ምርታማው ማን ነው? ኢኮኖሚክስ የተማርኩት እኔ ነኝ፤ ትክክል የሠሩት እሳቸው ናቸው።

የኔ ስህተት የት ጋ እንደነበር አሁን ገብቶኛል። ዘሩን የመረጥኩት ስልክ ላይ ባየሁት ቪዲዮ ነው። ሰውዬው አንዱን ተክል ነቅሎ ምን ያህል ፍሬ እንደያዘ ቆጠረ፤ እኔም ቆጠርኩ። ስለ ጣዕሙ እሱ አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ከነጋዴ ስገዛም የጠየቅሁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ኪሎው ስንት ነው?»

ይሄ የኔ ብቻ ጠባይ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ግን አስተውላችሁ ከሆነ እኛ አገር ሰው በምግብ ቀላል አይደለም። ቅቤ ሲገዛ «የሸኖ ለጋ ነው?» ይላል። ጤፍ ሲሆን የአዳን ማኛ ይፈልጋል። በርበሬ ሲሆን የማረቆ። ቡናውንማ ተዉት፤ ይርጋጨፌና ሐረር ተለይተው የሚጠሩት ዓለም ላይ ነው። አደንጓሬና ቦሎቄ ጋ ስንደርስ ግን ያ ሁሉ ምላስ የት እንደሚገባ እንጃ። ቀይ ነው፣ ነጭ ነው፣ ዥንጉርጉር ነው፤ አለቀ።

ለዚህ ነገር ማብራሪያ የሚሆን አንድ የታወቀ ጽሑፍ አለ። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገለ መኪና ገበያ ጽፎ ነበር፤ በኋላ በ2001 የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ስለማይችል ለሁሉም የመካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፣ ይወጣል። ገበያው ላይ የሚቀረው ደከም ያለው ይሆናል።

አሁን «መኪና» የሚለውን አውጡና «አደንጓሬ» አስገቡበት። ጣዕም በዓይን አይታይም። ጆንያ ውስጥ እጃችሁን ከትታችሁ ቆዳው ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ ቶሎ ይብሰል ወይ ቀን ሙሉ ይፍጅ፣ መረቁ ይወፍር አይወፍር ማወቅ አይቻልም። የማይታይ ነገር ደግሞ አይከፈልበትም። ስለዚህ የሚጣፍጠውን ዘር ይዞ የቆየ ገበሬ ከማይጣፍጠው እኩል ይከፈለዋል። ዝቅተኛ ምርት ከሆነማ በኪሳራ ነው የያዘው። ምን ያድርግ? ይተወዋል።

ሥም ሲኖር ግን ነገሩ ይለወጣል። ሰሜን ግሪክ ውስጥ ፕሬስፓ በሚባለው የሐይቆች አካባቢ የሚበቅል ትልቅ ነጭ አደንጓሬ አለ፤ ግሪኮቹ ጊጋንዴስ፣ ማለትም ግዙፎቹ፣ ይሉታል። እማማ አጥር ላይ ከሚወጣው ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ዝርያ ነው። የዚያ አካባቢ ሥም በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ማንም ተነስቶ የፕሬስፓ ነው ብሎ መሸጥ አይችልም። ስፔን ውስጥም ላ ግራንሃ በምትባል ከተማ ሥም የሚጠራ፣ ሰው ለመብላት ብሎ መንገድ የሚሄድለት ትልቅ ነጭ አደንጓሬ አለ። የነሱ ከእኛ ስለበለጠ አይደለም። እነሱ ቀምሰው ለዩት፣ ሥም ሰጡት፣ በሥሙ ጠየቁት።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ምርምር ማዕከሎቻችን አልሠሩም እያልኩ አይደለም። መልካሳ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት በቦሎቄ ላይ ሠርቷል። ሜክሲካን 142ም ሆነ አዋሽ-1 የሚባሉት ትናንሽ ነጭ ቦሎቄዎች የስምጥ ሸለቆን ገበሬ ገበያ ውስጥ ያስገቡ ናቸው። ነጭ ቦሎቄ ከቡናና ከሰሊጥ ጋር በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚገበያይ፣ ውጭ ሄዶ ቆርቆሮ የሚገባ ሰብል ነው። ለዚያ ሥራ የሚያስፈልገው እኩል መጠን፣ ንጹሕ ነጭ ቀለም፣ በሽታ መቋቋም፣ ከፍተኛ ምርት ነው። ለሚሸጥ ገበሬ ይሄ ትክክለኛ ምርጫ ነው። የኔ ጓሮ ግን ገበያ አይደለም። እዚያ ሻጩም እኔ፣ ገዢውም እኔ፣ በላተኛውም እኔ ነኝ። አከርሎፍ ያለው ችግር ሙሉ በሙሉ የሚጠፋበት ቦታ ቢኖር ጓሮ ነው። መቅመስ እየቻልኩ በኪሎ ከመረጥኩ ጥፋቱ የራሴ ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ አጭር ነው። መጀመሪያ ብሉ፣ ከዚያ ዝሩ።

እንዴት? ጥራጥሬ ማለት እኮ ምግቡም ዘሩም አንድ ነው። ካሮት ወይም ጎመን ብትገዙ የምትበሉትን መልሳችሁ መዝራት አትችሉም። አደንጓሬ ግን ይቻላል። ከሦስት ወይም ከአራት የተለያዩ ነጋዴዎች ሩብ ሩብ ኪሎ ግዙ። ስትገዙ «የየት አገር ነው? የዘንድሮ ነው የአምና?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ስልካችሁ ላይ ጻፉ፤ ፍሬውን ፎቶ አንሱ። ከእያንዳንዱ ያልተሰበረ፣ ነቀዝ ያልነካው ሠላሳ ፍሬ ለይታችሁ አስቀምጡ። የቀረውን ቀቅሉ።

ስትቀቅሉ ለየብቻ በተለያየ ድስት ይሁን፤ ጨው ብቻ፣ እሱም መጨረሻ ላይ። በርበሬ ከገባበት የምትቀምሱት በርበሬውን ነው። ድስቶቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብላችሁ የቱ የቱ እንደሆነ ሳትነግሩ ለቤተሰብ አቅርቡ። እኛ ቤት ዘንድሮ ሞክረነው እህቴ ትንሿን ቀይ ቦሎቄ መረጠች፤ እማዬና እኔ ትልቁን ዥንጉርጉር። ምንም አይደለም፣ ሁለቱም ይዘራሉ። ሰዓትም ያዙ። በአንድ ሰዓት የሚበስልና በሦስት ሰዓት የሚበስል አንድ ዋጋ አይደሉም፤ ከሰሉን ወይም መብራቱን ስትደምሩ «ርካሹ» ውድ ሆኖ ይገኛል። ደግሞ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ብዙ የቆየ ፍሬ መብሰልም መብቀልም እምቢ ይላል። ስለዚህ ድስቱ ላይ ያስቸገረ ዘር አፈር ውስጥም ሊያስቸግር እንደሚችል ምልክት ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛው፣ ጥሬ ወይም ግማሽ የበሰለ አደንጓሬ አትቅመሱ። ውስጡ ሌክቲን የሚባል የሚመርዝ ነገር አለው፤ አራት አምስት ፍሬ እንኳ ሰውን ሊያስታውክ ይችላል። ሌሊቱን ዘፍዝፉ፣ ውኃውን ድፉ፣ በአዲስ ውኃ አፍሉት። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በደንብ ይንተክተክ፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ አትቸኩሉ። እሳቱን መቀነስ ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛው፣ ከዘር መሸጫ የተገዛ ሮዝ ወይም አረንጓዴ የተቀባ ዘር ድስት ውስጥ አይገባም፤ ቀለሙ መድኃኒት እንደተነካካ የሚናገር ምልክት ነው። የምትቀምሱት ለምግብ የተሸጠውን ብቻ ነው።

ከመዝራታችሁ በፊት ካስቀመጣችሁት ውስጥ አሥር ፍሬ እርጥብ ሶፍት ላይ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አቆዩ። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ስምንት ወይም ከዚያ በላይ ከበቀለ ዝሩ። አምስት ካልሞላ ሌላ ፈልጉ።

የምትኖሩበት ቦታም ይወስናል። አደንጓሬ የሚለውን ሥም ሰው ለተለያየ ፍሬ ይጠቀምበታል። አንዳንዱ ለትልቁ ቀይ ቦሎቄም አደንጓሬ ይላል። የእማማን ዓይነት፣ ቀይ ወይም ነጭ አበባ ያለውን ሐረግ፣ ለመለየት ቡቃያውን እዩ። ቦሎቄ ሲበቅል ሁለቱን የፍሬውን ክፋዮች ተሸክሞ ከአፈር ይወጣል። ትልቁ አደንጓሬ ግን ፍሬውን አፈር ውስጥ ትቶ ቡቃያውን ብቻ ይልካል። ይሄኛው የሜክሲኮና የማዕከላዊ አሜሪካ ደጋ ልጅ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል። ሙቀት ሲበዛ አበባው ይረግፋል እንጂ ፍሬ አይይዝም። ስለዚህ ለአዲስ አበባ፣ ለደብረ ብርሃን መለስ ያለ ደጋ፣ ለእንጅባራ ይሆናል። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ላላችሁ ግን ቦሎቄ ይሻላችኋል፤ እሱንም ቀምሳችሁ።

ሐረጉ ከሁለት ሜትር በላይ ይወጣል፤ አጥር፣ እንጨት ወይም ገመድ ይፈልጋል። ሰኔ መግቢያ ላይ ብትዘሩት ሦስት ወር አካባቢ ላይ እሸቱን ከነቅርፊቱ እንደ ፎሶሊያ መቁረጥ ይቻላል። ያኔ አትዘግዩ፤ ፍሬው ከውጭ ሲያብጥ ቅርፊቱ ክር ይሆናል። እየቆረጣችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ይጨምራል። ደረቅ ፍሬ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከሥር ያሉትን ሳትነኩ ተዉ። አንድ ነገር አትርሱ፦ ይሄ ተክል ንብ ይፈልጋል፤ ንቦቹም ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው እየሄዱ ያዳቅሉታል። ዘር ልታስቀሩ ከሆነ በአንድ ክረምት አንድ ዓይነት ብቻ ዝሩ። ቦሎቄ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያራባ እንዲህ አያስቸግርም።

«በዚህ ኑሮ ስለ ጣዕም ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አንድ ጓደኛዬ ብሎኛልም። «ሰው ሆዱን ይሙላ እንጂ!» እኔ ግን የማየው ተቃራኒውን ነው። የማይበላ ምግብ ማምረት ነው ቅንጦቱ። ሀብታም ሰው የማይጣፍጠውን ይጥላል፣ ሌላ ይገዛል። እኛ ግን አንዲት ክረምት፣ አንዲት መሬት፣ አንድ ድስት ነው ያለን። ጓሮ ጀምረው በሁለተኛው ዓመት የተዉ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ብዙዎቹ የተዉት ምርት አጥተው አይደለም። የለፉበትን ነገር ማንም ስላልበላው ነው። የሚጣፍጥ ነገር ያገኘ ሰው ግን በሚቀጥለው ሰኔ ማንም ሳይቀሰቅሰው አፈር ይቆፍራል።

ሌላም ነገር አለ። የኢትዮጵያ የዘር ባንክ እ.ኤ.አ. በ1976 ተቋቁሞ እስከ ዛሬ የሰብል ዘሮችን በቀዝቃዛ ክፍል ይጠብቃል። ለረጅም ዘመን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። እሳቸው የታገሉለት ሐሳብ ዘር ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅ፣ እየተዘራና እየተበላ መጠበቅ አለበት የሚል ነው። ማቀዝቀዣው ፍሬውን ያቆይልናል። «ይሄኛው ለንፍሮ፣ ያኛው ለወጥ» የሚለውን ግን የሚያቆየው የሚበላ ሰው ነው። ያ ዕውቀት አሁን ያለው እንደ እማማ ባሉ ሴቶች ዘንድ ነው፤ እነሱ ደግሞ አይጻፍላቸውም። በዚህ ክረምት ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። ስልካችሁ ለዚህም ያገለግላል።

እኛ ሰፈር ይነሳል ተብሏል። መቼ እንደሆነ አናውቅም፤ ዘንድሮም ሊሆን ይችላል፣ ከሦስት ዓመት በኋላም። ኮንዶሚኒየም ከደረሰን ጓሮም አጥርም የለም። ስለዚህ ዘንድሮ እኔና እማማ ሙከራ ጀምረናል። የ20 ሊትር ጀሪካን አናቱን ቆርጠን፣ ሥሩን በስተን፣ አፈርና ብስባሽ ሞልተን ሁለት ሁለት ፍሬ ዘራንበት፤ ከመስኮቱ ብረት ገመድ አወረድንለት። የበረንዳ ልምምድ ነው። እማማ መጀመሪያ «አደንጓሬ በጀሪካን!» ብለው ሳቁ። አሁን ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድመው ውኃ የሚያጠጡት እሳቸው ናቸው።

ከአምናው አራት ኪሎ ተኩል የቀረኝ ፎቶው ብቻ ነው። የእማማ ቋጠሮ ግን ዘንድሮም ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከነጠላቸው ሥር አለ። ቤቱን ይዘን አንሄድም። እሷን ግን ይዘን እንሄዳለን።